የሞጣ «በቃ»፣ የቢቸና «በቃ»

ከመኝታ ቤታችን በር ጀርባ አንድ አሮጌ ጅራፍ ተሰቅሏል። ቃጫው ከእኔ ጋር እኩል ሸብቷል፣ ጫፉ ተበጣጥሷል፣ እጀታው ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው እኔም ረስቼዋለሁ። ባለቤቴ ቤት ባጸዳች ቁጥር «ይሄን ነገር ዛሬስ ልጣለው?» ትለኛለች። «ተይው እባክሽ» እላታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን በወጉ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ዘንድሮ በቡሄ ማግስት ከቢቸና ስመለስ ጅራፉን አውርጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ልጅ እያለሁ ከዓመቱ ወራት ሁሉ የምወደው ነሐሴን ነበር። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ያጉረመርማል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እኛም ከጭቃው ብዙ አንለይም። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ጅራፍ መግመድ ይጀመራል። አንዱ ልጅ የቃጫውን ጫፍ በእግሩ ጣቶች ቆንጥጦ ይይዛል፣ ሌላው ምላሱን አውጥቶ ይገምዳል። የእርጥብ ቃጫ ሽታ እጃችን ላይ ለቀናት ይቆይ ነበር፤ እየበላን ይሸተናል፣ ተኝተን ይሸተናል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከሆነ ሰፈር የመጀመሪያው «ጧ!» ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ሌላው ይመልስለታል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ምሳም እራትም አይታሰበንም። እናቶች ከደጅ እስኪጎትቱን ድረስ ሰማዩን ስናስጨንቀው እንውላለን።

አባቴ ድሬሰር ነበር። ዛሬ ቃሉን የሚያውቁት የእኔ ዕድሜ ሰዎች ናቸው፤ ድሬሰር ማለት ያኔ በጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ የተሰበረ እጅ የሚያስር ሰው ነው። ስሙ ሰይድ ቢሆንም ከእናቴ በስተቀር በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ አገር ምድሩ «ድሬሰር» ነበር የሚለው። የወሎ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ቡሄ የእሱ በዓል አይደለም። ነገር ግን እንደ አባቴ ለቡሄ የሚዘጋጅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ጎረቤቱ ዱቄት ሲያስፈጭ እሱ ፋሻ ይቆርጣል። ጎረቤቱ ጠላ ሲጠምቅ እሱ ውሃ አፍልቶ ያቀዘቅዛል፣ የቁስል መድኃኒቶቹን፣ ጂቪውንና አዮዲኑን፣ እየነቀነቀ ምን ያህል እንደቀረ ያያል፣ ሁሉንም በአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይደረድራል። በጅራፍ የተመታ፣ በችቦ የተለበለበ፣ ሆያ ሆዬ ሲል የሞላ ቦይ ውስጥ የገባ ልጅ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅምና። እናቴ ደግሞ ደጃችን ለሚጨፍሩ ልጆች ሙልሙል ትጋግራለች። «እሷ ታበላቸዋለች፣ እኔ እሰፋቸዋለሁ» ይል ነበር አባቴ።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ከሞጣ ወደ ቢቸና ተዛወረ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በጭነት መኪና፣ ከፍራሾቻችን መሀል ተወሽቄ፣ ጅራፌን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው ቢቸና የገባሁት። መንገዱ ዛሬ ምንም አይደለም፤ ያኔ ግን ሌላ አገር የሄድኩ ነበር የመሰለኝ። ገና ዕቃ ሳናወርድ የሰፈሩ ልጆች ከበቡን። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ስሜንም እዚያው አወጡልኝ፤ «ሞጣ»። እስከ ዛሬ ቢቸና ውስጥ ሞጣ ነኝ።

የልጆቹ አለቃ ይበልጣል ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ረጅም ነው፣ ድምፁ ደግሞ ሆያ ሆዬውን ሲያወርድ ከሦስት ሰፈር ይሰማል። አባቱ መርጡለ ማርያም ተምረው የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ሰው «የኔታ» ይላቸዋል። ከይበልጣል ቡድን ጋር ሆያ ሆዬ ለመውጣት አንድ ፈተና አለ። አዲስ ልጅ የቡሄ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ከይበልጣል ጋር ጅራፍ ይጋረፋል። ማሸነፍ አይጠበቅበትም፤ ሳይሸሽ ከቆመ ይበልጣል ራሱ ይቀበለዋል። ከሸሸ ግን ምሽቱን በአጥር ቀዳዳ እያየ ያሳልፋል። እኔ አጥር ውስጥ እንደማልቀር ለራሴ ምያለሁ። ለሁለት ሳምንት ከቤታችን ጓሮ አንዱን የባሕር ዛፍ ግንድ ይበልጣል ነው እያልኩ ስገርፈው ከረምኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሞጣ እኛ ስንጋረፍ በዙር ነበር። ሦስት ሦስት ጊዜ ተሰናዝረን እናርፋለን፣ ቅልጥማችንን እናሻለን፣ መዳፋችን ላይ እንተፋለን። ቀድሞ የተዘጋጀው «በቃ!» ብሎ ይጮሃል። ረፍቱ በቃ፣ ና እንግዲህ ግጠም ማለቱ ነው። መሸነፉን የሚያምን ደግሞ ጅራፉን መሬት ይጥላል። ቢቸና እንዴት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰው እንዴት ብሎ «በቃ» ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቃል?

የቡሄ ዕለት ልቤ ከእኔ ቀድሞ ነው የነቃው። አባቴ እንደ ልማዱ በሩ ላይ አስቁሞ ስብከቱን ሰበከኝ። «ከጉልበት በላይ እንዳትመታ። እርጥብ ጅራፍ እንዳትይዝ፣ እርጥብ ጅራፍ ቢላዋ ነው። ማታ ችቦ ይዘህ እንዳትሮጥ። ዓይን መለዋወጫ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ አንድ ካርቶን አስመጣ ነበር።» እሺ፣ እሺ፣ እሺ እያልኩ በክንዱ ሥር ሾልኬ ወጣሁ።

ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ሕፃናት አጥር ላይ ተንጠልጥለዋል፣ ልጃገረዶች ጥግ ይዘው ይሳሳቃሉ፣ ትልልቅ ሰዎች አላየንም ባዮች መስለው ያያሉ። ይበልጣል ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መሀል ቆሟል። «አንተ ሞጣ፣ ቁርስ በልተሃል?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ሁለት ሙልሙል» አልኩት። አሁንም ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ደስ አለኝ። ከዚያ ጅራፉ ሰማዩን ሰነጠቀው። የመጀመሪያው ቅልጥሜ ላይ ሲያርፍ እሳት የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። እንባዬ መጣ፤ መለስኩት። መታሁ፣ ተመታሁ፣ ዘለልኩ፣ መታሁ። ጭቃው ይረጫል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ «አይዞህ ሞጣ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ የቢቸና ልጅ ለእኔ ሲጮህ የመጀመሪያው ነበር። እግሮቼ እንደ በርበሬ እየተቃጠሉ ደስታዬ ግን በአፍንጫዬ ሊወጣ ደርሶ ነበር።

ይበልጣል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ፊቱ ላይ ፈገግታ አየሁ። «በቃ!» አለና ቅልጥሙ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ ሊጠርግ ጎንበስ አለ።

እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። አለቃው ራሱ ተዘጋጅቻለሁ፣ ና ግጠም ብሎኛል። አባቴ እንዳለኝ ከጉልበት በታች አነጣጠርኩና በሙሉ ኃይሌ ለቀቅኩት። ጅራፉ ያነጣጠርኩበት ቦታ ሲደርስ ግን እዚያ የነበረው የጎነበሰው የይበልጣል ፊት ነው።

«ኧረግ! ዓይኑን! ዓይኑን አወጣው!» አለ አንድ ልጅ። ይበልጣል በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ተንበርክኳል፣ በጣቶቹ መሀል ደም ይወርዳል። እግሬ ሩጥ ሩጥ አለኝ። ሮጥኩም፤ ግን ወደ ጤና ጣቢያው ነው የሮጥኩት። «አባዬ» ብዬ ልጠራው ነበር፣ ቃሉ ጠፋኝ። «ድሬሰር! ድሬሰር!» እያልኩ ነው የጮህኩት፣ እንደ ማንኛውም የጎረቤት ልጅ። ሜዳው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አባቴ በነጠላ ጫማ፣ ሳጥኑን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ ጭቃውን እየሰነጠቀ ሲመጣ አየሁት። አጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። ተንበርክኮ የይበልጣልን ጭንቅላት ያዘና «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» አለው።

ቁስሉ ከቅንድቡ እስከ ዓይኑ ቆብ ወርዷል። አባቴ አጠበው፣ ሰፋው፣ በፋሻ ጠቀለለው። ዓይኑ ራሱ ይትረፍ አይትረፍ ግን እብጠቱ ሳይጎድል አይታወቅም። የዓይን ሐኪም ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ለመላክ ደግሞ የዓባይን ድልድይ መሻገር ያስፈልጋል፣ በዚያ ሰሞን መንገዱን ዝናብ ቆርጦታል። «ሦስት ቀን» አለ አባቴ ለየኔታ። «ሦስት ቀን እንጠብቅ።» የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና ልጃቸውን ደግፈው ይዘው ሄዱ። 

ቤት ስንገባ አባቴ አልመታኝም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ከጉልበት በታች ነው ያነጣጠርከው?»

«አዎ።»

«ጅራፉ እርጥብ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ልጁ በቃ ካለህ በኋላ ለምን መታኸው?»

«በቃ ስላለኝ ነዋ!»

አባቴ ትኩሳት እንዳለብኝ ሊያይ ግንባሬን ነካ።

በዚያ ምሽት ከሰፈራችን ሆያ ሆዬ አልወጣም። ከሌላ ሰፈር ዘፈኑ ይመጣል፣ በእኛ በኩል ውሻ እንኳ አይጮህም። እናቴ የጋገረችው ሙልሙል ከነሰፌዱ ቀረ። በማግስቱ አንዱን በጨርቅ ጠቅልላ ለይበልጣል እንዳደርስ ሰጠችኝ፤ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጬ ሸሸሁ። ለካ ሽሽት ማለት ይሄ ነው አልኩ በልቤ፣ ፈተናውን ወድቄያለሁ። ልጆቹ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። እኔም ማታ ማታ አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ዓለም ምን እንደምትመስል ለማየት እሞክር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከጤና ጣቢያው መስኮት ውጭ፣ የጣሪያው ጠብታ ጭንቅላቴ ላይ እየወረደ ቆምኩ። ውስጥ ይበልጣል አልጋ ላይ ተቀምጧል፣ የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። አባቴ ፋሻውን ቀስ እያለ ፈታ። ደህናውን ዓይን በመዳፉ ጋረደና «እስቲ ምን ይታይሃል?» አለው።

ይበልጣል ያበጠውን የዓይኑን ቆብ እየታገለ ከፈተ። 

«ብርሃን» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎ «መስኮት» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ሞጣ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያለቅሳል» አለ።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ፣ የኔታ «ተመስገን» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ፤ እኔ ግን ባሰብኝ። የኔታ በእጃቸው ጠሩኝ። ገባሁ። ፈራ ተባ እያልኩ የሞጣውን «በቃ» ከነዙሩ፣ ከነረፍቱ ነገርኳቸው። መጀመሪያ በጽሞና ሰሙኝ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ በግልጽ ሳቁ።

«ድሬሰር» አሉ ወደ አባቴ ዞረው፣ «እነዚህ ልጆች አልተጣሉም። ሳያውቁት ቅኔ ነው የተቀኙት። እኛ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝ ኅብር እንለዋለን። ተማሪዎቼ ስንት ክረምት ለፍተው የሚያጡትን ኅብር እነዚህ በጭቃ ላይ አገኙት!» ከዚያ ልጃቸውን ጠየቁት። «ለመሆኑ አንተ በቃ ስትል ምን ልትል ነበር?»

ይበልጣል ባበጠው ዓይኑ አየኝ። «ሞጣ በቃ፣ ከእኛ ጋር ይወጣል ልል ነበር» አለ።

ለካ ዓይኑን የመታሁት «የእኛ ሆነሃል» ሲለኝ ነው። ያን ጊዜ ያለቀስኩት ልቅሶ ጤና ጣቢያውን ሳያናውጠው አልቀረም።

አባቴ ሳቁን ቶሎ ነው የጨረሰው። «የኔታ፣ እኔ ቅኔ አላውቅም» አላቸው። «ዓይን የሚያወጣ ቃል ግን ለጨዋታ አይሆንም። እባክዎን ኅብር የሌለው ቃል ይፈልጉልን፤ ልጆቹ እሱን ሲሰሙ ጅራፍ ይጣሉ።» የኔታ ሥራ ተሰጣቸው። እኔ «ቁም» አልኩ። «ቁም ማለት ጸንተህ ተጋፈጥም ይሆናል» አሉና ጣሉት። አባቴ «ጣል» አለ። «ጅራፉን ነው ሰውየውን?» አሉት። «ማረኝ» ሲባል ይበልጣል ራሱ፣ በዚያ ፊቱ፣ ተቆጣ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ድሬሰር ይባል» አለ።

«ለምን?» አሉት አባቱ።

«ዓይኔን ደም ሞልቶት ምንም ሳይታየኝ የሰማሁት እሱን ነው። ሞጣ ድሬሰር ብሎ ሲጮህ ሁሉም ጸጥ አለ። እኔም የምድን መሰለኝ።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን በአፋቸው ውስጥ አገላበጡት። በግዕዙ ፈለጉት፣ በአማርኛው ፈለጉት። «የየት አገር ቃል ነው?» አሉ። አባቴ የፈረንጅ ነው አላቸው። «እንግዲያስ ኅብር የለውም» ብለው መቋሚያቸውን መሬት መቱ። እኔና ይበልጣልም በማግስቱ ጅራፍ ተለዋወጥን። በር ጀርባ የተሰቀለው ይኸው የእሱ ጅራፍ ነው።

በተከታዩ ዓመት ቡሄ ደረሰ። ሜዳው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ተጋረፉ፣ አንዱ ምርር ሲለው «ድሬሰር!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ጅራፉን ጣለ። ሕጉ ሠራ ብለን ስንጨፍር አባቴ በነጠላ ጫማ፣ ሳጥኑን ታቅፎ፣ እያለከለከ ደረሰ። «የታለ? የተጎዳው የታለ?» ማንም አልተጎዳም። ተመለሰ። ሩብ ሰዓት አልቆየም፣ «ድሬሰር!» ተባለ፣ አሁንም መጣ። በሦስተኛው ሲመጣ ወንበር ይዞ ነበር። እንግዲህ ከመመላለስ እዚሁ ልቀመጥ ብሎ ሜዳው ዳር ሳጥኑን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀመጠና እስከ ምሽት አየን። ያን ዕለት ማታ እኔ ከይበልጣል ጎን ሆኜ ሆያ ሆዬ ስል በየደጁ ዞርኩ። የእኛ ደጅ ስንደርስ እናቴ ሙልሙሉን ለሁለታችን ትልልቁን መርጣ ሰጠችን። ሳጥኑ በዚያ ዓመት አልተከፈተም።

ዓመታት ሄዱ። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ወደ ወሎ ተመለሰና እዚያው አረፈ፣ አላህ ይዘንለት። ቢቸና ውስጥ መቃብሩም ፎቶውም የለም። የኔታም አርፈዋል። ዘንድሮ ለሥራ ቢቸና ስሄድ ቀኑ ቡሄ ላይ ወደቀ። ሜዳውን ፈልጌ ሄድኩ። ግማሹ ሱቅ ሆኗል፣ ጥጉን ባጃጆች ይዘውታል። ልጆቹ የሚያጮሁት የናይሎን ገመድ ነው፣ ርችትም ይተኩሳሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከመጋረፍ ይልቅ በስልክ መቅረጽ ይወዳሉ። የቃጫው ሽታ የለም። እኔ ሽማግሌ ልሆን ምን ቀረኝ፣ የእኛ ጊዜ ይሻል ነበር ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቀጭን ድምፅ «ድሬሰር!» አለ።

ፊት ለፊቱ የነበረው ልጅ ጅራፉን ወዲያው ጣለ። እኔ ግን ዞር ብዬ ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ አየሁ። በነጠላ ጫማ የሚሮጥ ሰው የሚመጣ መስሎኝ ነበር።

ልጁን ጠራሁት። «ድሬሰር ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። የከተማ ሰው ይሄን እንኳ አያውቅም የሚል አስተያየት ነው። «በቃ ማለት ነዋ ጋሼ!» አለኝና ወደ ጨዋታው ሮጠ።

እዚያው ቆሜ ለይበልጣል ደወልኩ። ይበልጣል ዛሬ ሞጣ ውስጥ ሱቅ አለው፤ የሞጣ ሰዎች ደግሞ እሱን «ቢቸና» ይሉታል። በቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ሲስቅ ትሰወራለች። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ድምፄ እንቢ አለኝ።

«ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?» አለኝ ደንግጦ።

«ማንም አልሞተም» አልኩት። «ሜዳው ላይ ነኝ። ልጆቹ እስከ ዛሬ ድሬሰር ነው የሚሉት። ማን እንደሆነ አያውቁም። ግን እሱን ጠርተው ነው የሚያቆሙት፣ ይበልጣል፣ አሁን በጆሮዬ ሰማሁ፣ አባቴን...»

ከዚያ ልቅሶዬ ቀደመኝ።  ቀጥሎ ያ ከሦስት ሰፈር የሚሰማው ድምፅ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ጮኸብኝ።

«ድሬሰር!» አለ። «ሞጣ፣ ድሬሰር አልኩህ እኮ!»

ሕግ ሕግ ነው፤ ዓይኔን ጠርጌ ዝም አልኩ።